በብርጭቆ የተሰፈረ ጎመን

ሲስተር ነፊሳ መሞቷን የነገረኝ ወንድሜ ሺበሺ ነው። ደስ ብሎት ነው የነገረኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ምግብ ቤቴ ገባና ገና ወንበር ሳይስብ፣ «እትዬ አስካለ፣ ያቺ ገዳይ ሞተች አሉ» አለኝ። ጭልፋዬን እንደያዝኩ «የቷ?» አልኩት፤ የቷ እንደሆነች ግን አውቄያለሁ። በጅቡቲ ከተማ ሺበሺ ገዳይ ብሎ የሚጠራት አንዲት ሴት ብቻ ናት።

«ነፊሳ ናታ! ዋራበሌ ሰፈር ነው የሞተችው። ስኳር ነበረባት ይላሉ። እግዜር ቢዘገይም አይረሳም።»

ከዚያ ተቀመጠና ምሳውን ጠበቀ። እኔም እንደ ሁልጊዜው አንድ የሻይ ብርጭቆ የበሰለ ጎመን ሰፍሬ ከወጡ ጎን አቀረብኩለት። በላ፣ እጁን ታጠበ፣ ወደ ሥራው ሄደ። እኔ የቀረውን ቀን ሁሉ ድስት ሳሳርር ዋልኩ።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይባላል። እኔ ግን እወቅሳታለሁ። ሲስተር ነፊሳን በሕይወት ሳለች አልወደድኳትም፤ ዛሬም አልወዳትም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ የምለውን ስታነቡ ሞት ያመጣው መለሳለስ እንዳይመስላችሁ ነው። መለሳለስ የለም። እሷም ለማንም ተለሳልሳ አታውቅም።

ረጅምና ቀጭን ነበረች። ነጭ ጋዋኗ በዚያ ሁሉ ወበቅ እንኳ እንደተተኮሰ ይውላል፤ እኛ ሌሎቻችን ላብ ሲያጠምቀን እሷ ላብ የሚባል ነገር ያልተፈጠረባት ትመስላለች። ደም ልትቀዳ ስትል ክንድን በሁለት ጣቷ መታ መታ ታደርግና፣ ሥሩ ቶሎ ካልወጣላት፣ «ይሄን ማን ደበቀው?» ብላ በሽተኛውን ትቆጣዋለች። እኛ የደበቅንባት ይመስል!

የድሬዳዋ ልጅ ናት። ድሬ ላይ አንቱ መባባል እንደማይታወቅ፣ ክፋትም እንደሌለበት አውቃለሁ። የእሷ አንተ ግን ሌላ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችንን ቄስ፣ ሰማንያ ዓመት የሞላቸውን አባት፣ «አንተ፣ ሱሪህን ዝቅ አድርግ፤ ጊዜ የለኝም» ስትላቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አባም መስቀላቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው በሌላው ሱሪያቸውን ዝቅ አደረጉ። ምን ያድርጉ?

ሁለት አባባሎች ነበሯት። አንዱ፣ ሰው ተሰብስቦ ሲያወራባት፣ «አቦ፣ ይሄ ሐኪም ቤት እንጂ ሠርግ ቤት አይደለም!» የሚል ነው። ሁለተኛው የምርመራ ውጤት ይዛ ስትመጣ የምትለው ነው፤ «ደም አይዋሽም፤ የሚዋሽ ባለቤቱ ነው።» ይህን ሁለተኛውን ብዙ ጊዜ ብላኛለች።

እኔ ጅቡቲ የገባሁት አሰብ ተዘግቶ የአገራችን ጭነት ሁሉ በዚህ ወደብ መምጣት በጀመረበት ሰሞን ነው። ባለቤቴ ባቡር ላይ ይሠራ ነበርና አርሂባ ሰፈር ቤት ተከራየን፤ እኔ ደግሞ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ለሾፌሮች ምግብ ማብሰል ጀመርኩ። በዓመቱ የመጀመሪያ ልጄን አረገዝኩ። የወለድኩት ነፊሳ በምትሠራበት ክሊኒክ ነው። እዚያ ተዋወቅን፤ መተዋወቅ ከተባለ።

ልጄ ከተወለደች ሰዓት አልሞላትም። አቅፌያታለሁ፤ ደክሞኛል፤ ደስ ብሎኛል። ነፊሳ መርፌ ይዛ ገባችና ምንም ሳትል የልጄን ጭን ገለጠች።

«ምንድነው?» አልኳት።

«ቫይታሚን ኬ።»

«ልጄ ታማለች እንዴ?»

«አልታመመችም። እንዳትደማ ነው።»

«ለምን ትደማለች?»

«ደም እንዲረጋ ቫይታሚን ኬ ያስፈልጋል። ሕፃን ይዞት የሚወለደው በጣም ትንሽ ነው፤ ከእናቱ በደንብ አያልፍለትም። ወተትሽም ውስጥ ያለው አይበቃም።»

«ወተቴ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። የንግሥት ወተትም ቢሆን ያው ነው። አቦ አትነዝንዢኝ፤ እግሯን ያዢልኝ!»

ያዝኩላት። ልጄ ጮኸች፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ። ነፊሳ የተወጋውን ቦታ በጥጥ እየጠረገች፣ ስለ ቲማቲም ዋጋ እንደሚያወራ ሰው፣ «ባለፈው አንዷ በልባላ ሰፈር ቤቷ ወለደች። በሳምንቱ ልጇን ይዛ መጣች፤ ሕፃኗ ከእምብርቷም ከአፍንጫዋም ትደማለች። አልደረስንላትም» አለችና ወጣች። ለአራስ እንዲህ ይወራል? «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የለ፣ «እንኳን ደስ ያለሽ» የለ። ለጠያቂዎቼ ሁሉ፣ ልጄ ክርስትና ሳትነሳ በነፊሳ መርፌ ተነሳች እያልኩ፣ ወተቴንም እንዴት እንደሰደበችው እየጨመርኩ አወራሁ። ቂም የያዝኩባት ያን ጊዜ ነው።

ሺበሺ ታናሽ ወንድሜ ነው። በልጅነቱ ጉሮሮውን እያመመው፣ ሕመሙ ወርዶ ልቡን ነካው፤ የልቡ አንደኛው በር ተበላሸ። አድጎ ሾፌር ሆኖ፣ አግብቶም ሳለ አንድ ቀን መሪ ላይ ትንፋሽ አጠረው። በስንት ደጅ ጥናት ውጭ አገር ሄዶ የተበላሸው በር በብረት ተቀየረለት። ሚስቱ ግን ብረት ያለው ልብ አልፈለገችም መሰለኝ፣ ሲመለስ ቤቱን ባዶ አገኘው። እኔ ጋ አመጣሁት። ወደቡ አካባቢ ጭነት ቆጣሪ ሆኖ ሥራ ያዘ፤ ምግቡም ኪኒኑም በእኔ እጅ ሆነ። ማንም ስለ ጤናው ሲጠይቀው «እህቴን ጠይቋት» ነው መልሱ። ልቡን ለእኔ አስረክቦ ጭነቱን ይቆጥራል።

በየወሩ ደሙን የሚለካለት ያው የነፊሳ ክሊኒክ ነበር። መጀመሪያ በወሰድኩት ቀን እሱን ውጭ አስቀምጣ እኔን አስገባችኝ።

«ስሚ» አለችኝ። «ልቡ ውስጥ ብረት አለ። ደም ብረት ላይ መርጋት ይወዳል። የረጋው ቁራጭ ወደ ጭንቅላቱ ከሄደ አለቀለት። ስለዚህ ይሄን ማቅጠኛ ኪኒን ዕድሜ ልኩን ይውጣል። ኪኒኑ የሚታገለው ከቫይታሚን ኬ ጋር ነው። ያ ለልጅሽ የወጋሁላት፣ አስታወስሽ?»

«አስታወስኩ» አልኳት። እንዴት እረሳለሁ?

«ለትልቅ ሰው ቫይታሚን ኬ የሚመጣው ከቅጠል ነው። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ። ገመድ ጉተታ በይው። በዚህ በኩል ኪኒን፣ በዚያ በኩል ጎመን። ጎመን ሲበዛ ደሙ ይረጋል፤ ጎመን ሲጠፋ ኪኒኑ ብቻውን ይጎትተውና ይደማል። ገመዱ መሃል ላይ እንዲቆም ነው የምፈልገው። የደሙን መቅጠን የምንለካበት ቁጥር ሦስት አካባቢ። ገባሽ?»

ገብቶኛል። ስትሰድብም ስታስረዳም ግልጽ ነበረች፤ እሱን አልክድም።

ወራቱ በሰላም አለፉ። ከዚያ ሁዳዴ ገባ። እንደምታውቁት በሁዳዴ የሾፌር ምግብ ቤት ያለ ጎመን አይሆንም። ከድሬዳዋ በባቡር የሚመጣውን ጎመን በእስር በእስር እየተቀበልኩ አበስላለሁ፤ ሺበሺም ጾመኛ ነውና በቀን አንዴም ሁለቴም ይበላል። በጾሙ በሦስተኛው ሳምንት ደሙን ሲለኩት ቁጥሩ ወርዷል። ነፊሳ ወረቀቱን ይዛ መጣች።

«ምን አበላሽው?»

«የሚበላውን።»

«ደም አይዋሽም፤ የሚዋሽ ባለቤቱ ነው። ምን አበላሽው?»

ከዚያ ዞር አለችና ግድግዳው ላይ በሁለት ጣቷ መታ መታ አደረገች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የእኛ የዘመን መቁጠሪያ ነው፤ በዓላቱና አጽዋማቱ ያሉበት፣ የቅዱሳን ሥዕል ያለበት። እሷ ሙስሊም ናት፤ አምስት ጊዜ የምትሰግድ፣ ረመዳንን መርፌ እየወጋች የምትጾም። «ሁዳዴ ገብቷል» አለችኝ። «ጎመን ነው። ለምን አልነገርሽኝም?» የገዛ ጾሜን ከግድግዳ ላይ አንብባ ስትቆጣኝ ደሜ ፈላ። ምን አገባት?

በሦስተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ምግብ ቤቴ ድረስ መጣች። ቤቱ ጢም ብሏል፤ መቆሚያ የለም። ሰላም ሳትል ጠረጴዛዎቹን አልፋ ጓዳ ገባች፤ የጎመኑን ድስት አንስታ ይዛ ወጣችና ሾፌሮቹ ፊት ካውንተሬ ላይ አስቀመጠችው። ከቦርሳዋ የሻይ ብርጭቆ አወጣች። በጭልፋ ጎመኑን ሞላችበትና ከፍ አድርጋ አሳየችኝ።

«ያንቺ ወንድም በቀን ይሄን ያህል። ዛሬ ሁለት፣ ነገ ምንም የሚባል ነገር የለም። አልጾምም ቢል እሱ ያውቃል፤ ከጾመ ግን በልክ ይጹም። ኪኒኑንም በግማሽ ጨምሬዋለሁ።»

ከወደ ጥግ አንዱ ሾፌር፣ «ሲስተር፣ ለእኔም ስፈሪልኝ!» አለ።

«አንተ ጫትህን ስፈር!» አለችው ሳትዞር።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሌላው ደግሞ፣ «ጎመን በጤና ማለት ይሄ ነው!» ብሎ ጨመረበት። እኔ ሽርጤን ይዤ ቆሜያለሁ። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ድስቴ፣ ደንበኞቼ ፊት እንደ ሌባ ተፈተሽኩ። ነፊሳ ብርጭቆውን ባዶ አድርጋ ካውንተሬ ላይ አስቀመጠችና «ይሄ እዚህ ይቀራል» አለችኝ። ከዚያ ስለ ፋሲካ አንድ ነገር ተናግራኝ ወጣች። ስለ ፋሲካ ያለችውን ኋላ እነግራችኋለሁ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሾፌሮቹ የጎመን ፖሊስ አሏት። መሳቂያ የሆንኩት ግን እኔ ነኝ። ጎመን ሳቀርብላቸው «እትዬ፣ ይሄኛው ተፈትሿል?» ይሉኛል። እስከ ፋሲካ ድረስ ይህ ቀልድ አልበረደም። ጥርሴን ነክሼ ብርጭቆውን ተጠቀምኩ፤ የሺበሺ ቁጥርም ወደ ቦታው ተመለሰ።

ቅዳሜ ሹር እንደ ልማዴ የጎመኑን ድስት ጠርጌ፣ አጥቤ፣ ከጓዳ አውጥቼ ደፋሁት። እናቴ ለመስቀል የምትለውን እኔ ለፋሲካ እላለሁ፤ የጎመን ምንቸት ውጣ! ኀምሳ አምስት ቀን ጎመን የበላ ሾፌር ከፋሲካ በኋላ ጎመን ብታሳዩት ይጣላችኋል። ቀጥሎ ያሉት ኀምሳ ቀናት ደግሞ ረቡዕና ዓርብም አይጾምባቸውም። ስለዚህ በቤቴ ጎመን ድራሹ ጠፋ። ዶሮ ነው፣ ቅቅል ነው፣ ጥብስ ነው። ሺበሺም ከሰው እኩል በላ፤ ኪኒኑንም ጾሙ ላይ በተጨመረው ልክ እየዋጠ ቀጠለ። በእጄ የምሰጠው እኔ ነኝ።

በሳምንቱ ክንዱ ላይ ሰማያዊ ነገር አየሁበት። «የመኪና በር መታኝ» አለኝ። በዳግም ትንሣኤ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ጥርሱን ሲፍቅ ድዱ ደማ። ቀጥሎ አፍንጫው። ፎጣ ሰጠሁት፤ ፎጣው ራሰ። ሌላ ሰጠሁት፤ እሱም ራሰ። ፊቱ ሲነጣ፣ ከንፈሩ ሲደርቅ አየሁ። ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ ተኝቶ፣ «እትዬ፣ ብረቱ ተሰበረ መሰለኝ» አለኝ። ብረቱ ደህና ነበር።

ነፊሳ ስታየን አንዲት ጥያቄ አልጠየቀችም። አስተኛችው፣ ደሙን ቀዳች፣ ወጥታ ተመለሰች። ሦስት አካባቢ መሆን ያለበት ቁጥር ከአሥር በላይ ወጥቷል። ከዶክተሩ ጋር በስልክ በፈረንሳይኛ ተነጋገረችና መርፌ አዘጋጀች።

«ቫይታሚን ኬ ነው» አለችኝ። «ብዙ ከሰጠሁት ብረቱ ላይ ይረጋበታል። ትንሽ ከሰጠሁት መድማቱ አይቆምም። ከሰጠሁትም በኋላ ጉበቱ ደም የሚያረጋውን እስኪሠራ ሰዓታት ይፈጃል። ስለዚህ ተቀመጪና ዝም በይ።»

በጣም በቀስታ ሰጠችው። ከዚያ ከራስጌው ተቀምጣ አፍንጫውን በሁለት ጣቷ ጫን አድርጋ ያዘች። ሰዓት አለፈ። ሌላም ሰዓት አለፈ። ሌላ ነርስ ልቀበልሽ ስትላት «ሂጂ አቦ» አለቻት። ሺበሺ ደሙን ሲውጥ ትጮህበታለች፤ «አትዋጥ! ትፋ! አህያ!» እየሞተ ያለን ሰው አህያ ትለዋለች። እኔ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ማርያምን እለምናለሁ፤ እሷ በየመሃሉ ቀና ብላ «ድምፅሽን ቀንሺ» ትለኛለች።

አሥር ሰዓት ላይ ደሙ ቀነሰ። ፀሐይ ጠልቃ ለመግሪብ አዛን ሲል ቆመ። ነፊሳ እጇን ስታነሳ ሁለቱ ጣቶቿ እንደተቆለመሙ ቀሩ፤ በሌላ እጇ አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው። ጋዋኗ ከደረቷ እስከ ጉልበቷ በወንድሜ ደም ተበላሽቷል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ሺበሺ ዓይኑን ገልጦ ይሰማል።

«ከፋሲካ ወዲህ ጎመን በልቷል?»

የራሰውን ፎጣ ማጣጠፍ ጀመርኩ።

«ነግሬሻለሁ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«የፋሲካውን።»

ወንድሜን አየሁት። እሱም እኔን ያያል። «አልነገርሽኝም» አልኳት።

ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ። «ደም አይዋሽም» አለች፤ የቀረውን ግማሽ ግን አልጨመረችም። ጋዋኗን እያወለቀች ወጣች።

ሺበሺ ቤት ሲመለስ ጠያቂው አርሂባን ሞላው። ሾፌሩ፣ ትራንዚተሩ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሁሉ መጣ። ሁሉም አንድ ነገር ይጠይቃል፤ «እንዴት እንዲህ ሆነ?» እኔም ለሁሉም አንድ መልስ ሰጠሁ፤ «ነፊሳ ናት። ሙስሊም አይደለችም እንዴ፣ ጾማችን መቼ እንደሚፈታ የት ታውቃለች! ለጾሙ ብላ ኪኒኑን ጨመረችበት፤ ፋሲካ ሲመጣ ቀንሱ ብላ አልነገረችንም።» ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እውነት ይመስላላ። ያን ግድግዳዋ ላይ የተሰቀለውን መቁጠሪያ ያዩ ሰዎች እንኳ ትዝ አላላቸውም። እኔም አላስታወስኳቸውም።

ወሬው በሾፌሮች አፍ ድሬዳዋ ደርሶ ተመለሰ። የእኛ ሰው ክሊኒኩን ተወው፤ እርጉዙም ሕፃኑም ሌላ ቦታ ሄደ። ሁለት ወር ሳይሞላ ነፊሳን አሰናበቷት። የሄደች ቀን በምግብ ቤቴ በር አለፈች። ብብቷ ሥር የተጠቀለለ ነገር ይዛለች፤ ጫፉ ላይ የአንድ ቅዱስ ፈረስ እግር ይታያል። መቁጠሪያው ነው። ወደ እኔ አላየችም። ሺበሺ ከውስጥ ሆኖ አያትና ደጃፉ ላይ ምራቁን እንትፍ አለ። ደሙ እንዲቆም አፍንጫውን ቀኑን ሙሉ ይዛ የዋለች ሴት ናት።

ከዚያ በኋላ በልባላ፣ ዋራበሌ ውስጥ፣ በአንዲት ክፍል መርፌ መውጊያ ከፈተች ሲሉ ሰማሁ። ያገኘኋት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዓመታት በኋላ፣ ሚኒባስ ውስጥ። አጠገቤ ያለው ቦታ ብቻ ነበር የቀረውና መጥታ ተቀመጠች። ሰላም አላለችኝም። የወጋቻት ልጄ አድጋ እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ሁለት ፌርማታ ካለፍን በኋላ፣

«ቁጥሩ ስንት ነው?» አለችኝ።

«ሦስት።»

«ብርጭቆው?»

«አለ።»

«ጾም ሳይጾምም?»

«በየቀኑ።»

«ጥሩ» አለችና ወረደች። ምነው ብትሰድበኝ ኖሮ! ልብሴን ይዛ ብትጮህብኝ፣ ሰው ብትሰበስብብኝ መልስ ነበረኝ። ያን ቀን ከምንጊዜውም ይበልጥ ጠላኋት።

ብርጭቆው ሌላ ታሪክ አወጣ። ሺበሺ ከዚያ በኋላ ደምቶ አያውቅም። በየቀኑ፣ ፋሲካም ገናም፣ አንድ ብርጭቆ ጎመን ይበላል፤ ላገኘውም ሁሉ ያወራል። «ነፊሳ ልትገድለኝ ነበር፤ ያተረፈችኝ እህቴ ናት። በብርጭቆ እየሰፈረች!» ይላል። ልቡን የታመመ ሰው ያለው ሁሉ ወደ እኔ መምጣት ጀመረ። እኔም ብርጭቆውን አወጣና ገመድ ጉተታውን አስረዳለሁ፤ «ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ ኪኒን እንዳትነኩ፤ ጎመኑን አትተዉ፣ አታብዙም፤ ልኩን ጠብቁ» እላለሁ። ደህና አድርጌ ነው የማስረዳው። አንዲት ሴት «ከማን ተማርሽው?» ብትለኝ «መከራ ያስተምራል» አልኳት። ዛሬ ሰዉ የአስካለ ብርጭቆ ነው የሚለው።

ሺበሺ መሞቷን የነገረኝ ዕለት ማግስት፣ ሱቅ እሄዳለሁ ብዬ ዋራበሌ ሄድኩ። የሰፈሯ ሴቶች ክፍሏ ደጃፍ ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ተቀምጠዋል። ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። በደግነቷ የሚያነሳት ያለ መስሎኝ ነበር፤ የለም። አንዷ «እናቴን ግመል ብላታለች» ትላለች። ሌላዋ «እኔን በመውለጃዬ ቀን በጥፊ መታኛለች» ትላለች። በሶማልኛም በአማርኛም በዓረብኛም የሰደበችው እየተቆጠረ ይሳቃል፤ እየተሳቀም ይለቀሳል። ጥርሴን ሳልነክስ ስለ ነፊሳ የሳቅኩት ያን ቀን ነው። የእህቷ ልጅ ሻይ እየሰጠችኝ «አንቺንስ ምን አደረገችሽ?» አለችኝ።

«እኔንም ሰድባኛለች» አልኳት። ሻዩ በብርጭቆ ነው የመጣው፤ ሳልጠጣው ተነሳሁ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔው አሥራ አምስት ዓመት አድሮም አልጠራም፤ እኔ ካላጠራሁት የሚያጠራው ሰው ደግሞ ሞቷል።

ሺበሺ፣ ይህን ቀድመህ የምታነበው አንተ ነህ። ያን ቀን ነፊሳ ብርጭቆውን ካውንተሬ ላይ አስቀምጣ ያለችኝ ይህን ነው፦ «ኪኒኑን የጨመርኩት ለጎመኑ ነው። ፋሲካ ላይ ጎመኑን ካቋረጥሽበት ይደማል። ወይ ጸሎተ ሐሙስ አምጪውና ኪኒኑን እንቀንስ፤ ወይ ፋሲካም ቢሆን ይሄን ብርጭቆ ይብላ። ገባሽ?» ገብቶኛል አልኳት። ገብቶኝም ነበር። ሐሙስ ሲደርስ ትዝ ብሎኛል። ግን ለዚያች ሴት ትዕዛዝ፣ ለዚያ ሁሉ ሳቅ፣ በትንሣኤ ቀን ጎመን ላበስል? ሞቼ ነው! አልኩ። ድስቱን ደፋሁት። ደምህ ሲፈስ ዓይኔን በጨው አጥቤ አልነገርሽኝም አልኳት፤ አንተ አመንከኝ፤ አገሩም አመነኝ።

አሁንም አልወዳትም። ከመቃብሯ ተነስታ ብትመጣ ገና ከበሩ እንጣላለን። ግን ገዳይህ እሷ አልነበረችም፤ ስሟን ስትጠራ የምትተፋው ምራቅ ለእኔ የሚገባ ነው።

ነገ ምሳ ስትመጣ ይህን ወረቀት ሳህንህ አጠገብ ታገኘዋለህ። ብርጭቆውም እዚያው ይኖራል። የአስካለ አይደለም፤ የነፊሳ ነው። አንብበህ የፈለግኸውን በለኝ፤ ተነስተህ ከቤቴ ውጣ፣ ዳግመኛ አትምጣ። ጎመኑን ግን ሳትበላ እንዳትሄድ።